የእመቤት ቡችሎችና ባለ መስታወቱ

መስታወት ሊገጥም መጥቶ ብርድ ልብሱን በውሻ ተቀምቶ የሚመለስ ሰው በየቀኑ አይገኝም። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን በዓይኗ አይታለች።

ንፋስ የዳቦ ቤቱን በር አላትሞ መስታወቱን ባረገፈው ዕለት ነው። አባቷ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ዋሉ፤ ሳይደግስ አይጣላም ብሎ የሚያጽናናቸው አልነበረም። ሊጠግን የመጣው ወጣት አዲሱን መስታወት ከጠቀለለበት ወፍራም ብርድ ልብስ አወጣና፣ ብርድ ልብሱን ከመጋገሪያው ጀርባ ባለችው ሙቅ ክፍል ጣል አድርጎ ሥራውን ጀመረ። እመቤት፣ ማለትም የዳቦ ቤቱ ቡናማ ውሻ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሶ ከጠዋት ጀምሮ መተኛ ስትፈልግ ነበር። የተዘጋጀላትን ካርቶን በእግሯ ገፋ አድርጋ አለፈችና ብርድ ልብሱ ላይ ተጋደመች። ወጣቱ ዕቃውን ሊሰበስብ ሲገባ ሁለት እርጥብ ቡችሎች ጡት እየፈለጉ ነው፤ ሦስተኛው በመምጣት ላይ ነው።

«ብርድ ልብሴ…» አለ።

«ከቻልክ ውሰደው» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሳቋን እንደያዘች።

አልቻለም። ጭራሽ አጠገቧ በርከክ ብሎ ማዋለዱን ተያያዘው። ከስድስቱ የመጨረሻዋና ትንሿ ሳትተነፍስ ስትወጣ ዳቦ ጋጋሪዋ በፎጣ አሸቻት፤ እሱ ሌላ ፎጣ የመጋገሪያው ግድግዳ ላይ አሙቆ አቀበላት። ቡችላዋ ሲጥ አለች። ሁለቱ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቶሎ ዞር ያለው እሱ ነው፤ እሷ እንኳ ዞር የምትል ሴት አልነበረችም።

በማግስቱ «ብርድ ልብሴን ልይ ብዬ ነው» ብሎ መጣ። ያ ብርድ ልብስ ከእንግዲህ ለመስታወት እንደማይሆን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ይመላለስ ጀመር። ጠዋት ጠዋት እሷ ቡችሎቹን አንድ በአንድ በአሮጌው የሊጥ ሚዛን ስትመዝን፣ እሱ እንዳይወድቁ በመዳፉ ከቦ ይይዛል። አምስቱ እንደ እርሾ ሊጥ ይነፋሉ። ትንሿን፣ ፍርፋሪ ያሏትን፣ ግን ወንድሞቿ ከጡት እየገፉ አስቸገሯት። ስለዚህ ከእንስሳት ሐኪሙ የቡችላ ወተት አምጥተው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ ያደርጉላት ነበር። በዚያ ሰዓት ብዙ አይነጋገሩም። ዳቦ ጋጋሪዋ ከዚያ ዝምታ የበለጠ የጣማት ወሬ ሰምታ አታውቅም።

ቡችሎቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ ባለ መስታወቱ ሳጥን ሠርቶ መጣ። ሦስቱ ጎን ሳንቃ ነው፤ እናቲቱ ስትገላበጥ ልጆቿን እንዳትጫን ውስጡን ዙሪያውን በእንጨት ከልሎታል። አራተኛው ጎን ግን ጥርት ያለ መስታወት ሆነ፤ መቼም ሰው የሚሠራው የሚያውቀውን ነው። እመቤት ገብታ ልትተኛ ስትል ከፊቷ ሌላ ቡናማ ውሻ ቆማለች። ጥርሷን ስታሳያት ያቺም አሳየቻት። ከዚያማ ጉድ ፈላ! ሳጥኑ ውስጥ ቡችሎቹ በረሃብ ይንጫጫሉ፣ ውጭ እናቲቱ ትጮኻለች፣ ባለ መስታወቱ ሳጥኑን ሊያፈርስ መዶሻውን ይፈልጋል። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት በውሃ በጠበጠችና መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ለቀለቀችው። ያቺ ሌላዋ ውሻ ጠፋች፤ እመቤትም ገብታ አጠባች።

«እኔ እኮ ሰው ውስጡን እንዲያይ ብዬ ነው» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«እናት ስታጠባ አትታይም» አለችው። ሲስቅ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ይህን ሰው እንደምትወደውም ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

አባቷ ግን ዱቄት ባለበት ቤት ፀጉር እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ቡችሎቹ ለብቻቸው መብላት ከጀመሩ በኋላ አንድም ቢቀር፣ እናቲቱን ጨምረው ሩቅ አገር ላለው ለእህታቸው ልጅ ይሰጧታል። ቃላቸው አይታጠፍም። ዳቦ ጋጋሪዋ ይህን ለባለ መስታወቱ አልነገረችውም፤ ለስድስት ቡችላ ቤት መፈለግ አያቅተኝም ብላ ነው። እውነትም አላቃታት። ከዳቦ ደንበኞቿ መካከል ደጋጎቹን መረጠች፤ የሰፈሩ ነርስና አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪም ነበሩበት፤ ሁሉም እሺ አሉ።

ቀኑ ሲደርስ ግን ማንም አልመጣም። ነርሷ በበሩ አለፈች፣ አልገባችም። ጡረታ የወጡት አስተማሪ ዳቦ ሊገዙ ሲገቡ ዳቦ ጋጋሪዋ ያዘቻቸው።

«ቡችላዎን መቼ ይወስዳሉ?»

«ተይው ልጄ» አሉ። «ሶፋ ይበላሉ ተባልኩ፤ እኔ ያለኝ አንድ ሶፋ ነው።»

«ማነው ያለዎት?»

«ያ መስታወት የሚገጥመው ልጅ ነዋ። ለነርሷም ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻሉ ብሏታል።»

ሽርጧን ሳትፈታ ባለ መስታወቱ ሱቅ ድረስ ሄደች። መስታወት እየቆረጠ ነበርና እስኪጨርስ ጠበቀች፤ ተናዳም ቢሆን የሰው ጣት እንዲቆረጥ አትፈልግም። ቀና ሲል የሰማችውን ነገረችው፤ አልካደም።

«ሰው ካልወሰዳቸው እመቤትም አብራ እንደምትሄድ ታውቃለህ?»

አያውቅም ነበር። ፊቱ ዱቄት መሰለ።

«ለምን ዋሸህ?»

«ቡችሎቹ ሲያልቁ በምን ሰበብ እመጣለሁ ብዬ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ንዴትና ደስታ እኩል መጡባት። ደስታውን ለኋላ አቆየችው።

«ያንተ ሰበብ እመቤቴን ቤት ሊያሳጣት ነው። ሂድና የዋሸኸውን አስተካክል። እስከዚያ ፊትህን እንዳላይ።»

ሄደ። በየቤቱ አንኳኩቶ መዋሸቱን ተናገረ፤ ለምን ሲሉት ምክንያቱንም መናገር ግድ ሆነበት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አስተማሪው እያነከሱ፣ እየሳቁ፣ መጀመሪያ መጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ያንን ብርድ ልብስ ቆራርጣ፣ የእናታቸው ጠረን እንዳይለያቸው ለእያንዳንዱ ቡችላ ቁራጭ አስያዘች። አምስቱ በተራ ወጡ። ፍርፋሪን የነርሷ ልጆች ሊወስዷት ሲመጡ ግን ዳቦ ጋጋሪዋ አለቀሰች፣ ማልቀሷንም አልደበቀች። እመቤት በሩ ድረስ ሸኝታ ተመልሳ ተኛች። አባቷ ባዶውን ሳጥን አዩ፣ እመቤትን አዩ፣ ቃላቸውን ጠበቁ፤ እመቤት ቀረች።

ባለ መስታወቱ አልመጣም። «ይመጣል» አለች ለራሷ፣ ሊጡን እያሸች። ሳትናፍቀው ቀርታ አይደለም፤ ልቧ በበሩ ላይ ነበር፤ ብቻ እንደሚመጣ ታውቃለች።

መጣም፤ ዳቦ ትኩስ በሚወጣበት፣ ሰልፉ ደጅ በሚደርስበት ሰዓት። ሰልፉ ፊት ሲደርስ ባንኮኒው ላይ የቆሙት አባቷ ናቸው።

«ምን ልስጥህ?»

«ዳቦ አልፈልግም አባባ።»

«የተሰበረ መስታወት የለንም። ቡችሎቹም አልቀዋል።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ሰበብ የለኝም» አለ። ዓይኑ አሁን ዞር አላለም። «ልጅዎን ወድጃታለሁ። የመጣሁት ለሷ ነው።»

አባቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷ ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አኑራለች።

«አባዬ፣ መጋገሪያውንም አንተ ያዝልኝ» አለች። «እኔም ስጠብቀው ነበር።»

አባቷ ሽርጡን አዩት፣ አነሱት፣ ወገባቸው ላይ አሰሩት። የተሰለፉት ሰዎችም ወደ ግድግዳው ጠጋ ጠጋ ብለው ለሁለቱ መንገድ ለቀቁላቸው።