ቧንቧው ላይ ያለው አመዳይ

«አቦ አትገተሪ፣ ጥረጊው» አለ ሎቭሮ ጨርቁን እየወረወረላት።

ኔዣ ቀለበችው። የጋዝ መልቀቂያው ቧንቧ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ጣቷን አሳረፈችበት፤ ምንም አልመሰላትም። አባቷ ጠቅልሎ ድንበር ማዶ ግራዝ ከተማ ከገባ ወዲህ ምንም ነገር ምንም አይመስላትም።

ሁለቱም ማሪቦር ከተማ ከሚገኝ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ለልምምድ የመጡ ናቸው። ትዕግሥት ላለው ሰው ሥራው ቀላል ነው። ከበቆሎ የተሠራ፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ፕላስቲክ ወፍራሙ የብረት ጋን ውስጥ ይከታሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከፍተኛ ግፊት ይሞሉበታል፤ ጋዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ ቀስ አድርገው ሲያስተነፍሱት ፕላስቲኩ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ሎቭሮ ግን የእጅ ኳስ ጨዋታ እንዳያመልጠው ቸኩሎ ቫልቩን አንዴ በረገደው። ፕላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ጋዝ ተጣድፎ ሲወጣ ደግሞ ቧንቧውን አመዳይ ያለብሰዋል።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ብራንካ ቡሬክ የሚባለውን የአይብ ጥቅልል ግማሹን በልተው ግማሹን እንደያዙ ገቡ። የተሰነጣጠቀውን አንስተው አገላበጡት።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«እርጥብ ስለነበር የተሰነጠቀ መሰለኝ» አለ ሎቭሮ። «ማድረቁ የሚርሳድ ሥራ ነው።»

ሚርሳድ የክፍላቸው ልጅ ነው። ጠዋት ፕላስቲኩን ማድረቂያው ውስጥ ሲከትና በሰዓቱ ሲያወጣ ኔዣ አጠገቡ ነበረች። ክረምቱን እዚሁ ለመሥራት ዓመቱን ሙሉ ሲመኝ ከርሟል።

«ሚርሳድ፣ እስቲ ና» ብለው ተጣሩ ዶክተሯ። ልጁ ከጎን ክፍል ጓንቱን እያወለቀ መጣ። «ደረቅ ነው ብለኸኝ አልነበር? እንዲህ ከሆነ ለክረምቱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ደርቆ ነበር እኮ» አለ ሚርሳድ።

ሎቭሮ ኔዣን አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ ጨርቁ መለሰ። አመዳዩ ከዳር ከዳሩ መንጠባጠብ ጀምሯል። መጥረግም አያስፈልጋትም፤ ትንሽ ዝም ብትል በራሱ ይጠፋል። ዝም ማለትን እንደሆነ ለምዳዋለች፤ አባቷ ሻንጣውን ሲያወርድም በር ላይ ቆማ ዝም ብላ ነበር።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዶክተር» አለች። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። «አመዳዩ ሳይቀልጥ ቧንቧውን ይንኩት።»

ሎቭሮ አቀረቀረ። ብራንካ ቡሬካቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ቧንቧው ሲዘረጉ፣ የኔዣ ጣት ገና አሁን መቆጥቆጥ ጀመረ።