ሦስተኛው ሲሳብ

ይህን በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚህ የምጽፈው ስሜን ስለማታውቁት ነው። ታሪኩ ግን እውነት ነው፤ የጨመርኩበትም የቀነስኩትም የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነበር።

ቦታው ደቡብ ቺሊ፣ የቾኖስ ደሴቶች። ቀኑን ሙሉ ብትጓዙ የሰው ቤት የማታዩበት ውሃ።

እናታችን ከሞተች ወዲህ የእኔና የታላቅ ወንድሜ የሊሳንድሮ ቤት ባለ ሸራ ጀልባችን ናት። በእናታችን ስም «ኤልቪራ» ብለናታል። ከሊሳንድሮ ሌላ ሰው የለኝም።

እዚያ መልሕቅ ብቻውን አያስተማምንም፤ ነፋሱ ከተራራው ላይ ድንገት ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሊሳንድሮ በትንሿ ጀልባ እየቀዘፈ ወደ ዳር ይሄድና ከኤልቪራ የተዘረጋውን ወፍራም ገመድ ከዛፍ ጋር ያስራል። አስሮ ተመልሶ ሲሳፈር ገመዱን ሦስት ጊዜ ይስበዋል። ያኔ እኔ ትንሿን ጀልባ ከነወንድሜ በቀጭን ገመድ እጎትታለሁ።

ሁልጊዜ ይሰድበኛል።

«ኧረ አንቺ ቀንድ አውጣ! እስክትጎትቺኝ ጢሜ ሸበተ!»

ያን ቀን ጉም ነበር። ዳሩ ጨርሶ አይታይም።

ገመዱ ተሳበ።

አንድ... ሁለት...

ሦስተኛውን መጠበቅ ነበረብኝ። ብርዱ ከብዶኝ ነበርና አልጠበቅኩም።

ጎተትኩ። ጀልባዋ ቀለለችኝ።

ሊሳንድሮ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ቁጭ ብሏል። አልሰደበኝም።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ወደ ኤልቪራ ወጣና ትንሿን ጀልባ ከኋላ አሰራት። በቀኝ እጁ።

ወንድሜ ግራኝ ነው።

ግራው ደንዝዞበት ይሆናል ብዬ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት። ሲቀበለኝ ዓይኔ ቦት ጫማው ላይ አረፈ። ዛፎቹ ጋ ለመድረስ እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ መግባት ግድ ነው።

ጫማው ደረቅ ነበር።

«ውሃው ቀዝቅዟል?» አልኩት፣ እንደ ዋዛ።

«በጣም።»

ወዲያው ወፍራሙ ገመድ ተወጠረ።

አንድ... ሁለት... ሦስት።

«ሞገድ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«የቱ ሞገድ?»

ውሃው አንድም ቦታ አይንቀሳቀስም።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ኧረ አንቺ ቀንድ አውጣ! ባዶ ጀልባ እኮ ነው የጎተትሽው! መልሺልኝ እንጂ፣ እግሬ በረዶ ሆነ!»

አፌን ልከፍት ስል አጠገቤ ያለው ክንዴን ያዘኝ። እጁ ይሞቃል። የሰው እጅ ነው።

«አትመልሺለት» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔንም እዚያ ሳለሁ ጠርቶኛል... በአንቺ ድምፅ። 'ዋኝተህ ና' ይለኛል። ሦስተኛውን ሳልስብ ዘልዬ የተሳፈርኩት ለዚያ ነው።»

«ታዲያ በቀኝህ ለምን...»

«ገመዱን ቁረጪው። አሁኑኑ።»

ቢላዋውን አቀበለኝ። በቀኝ እጁ።

ከጉሙ ውስጥ ድምፁ ዝቅ አለ።

«በእማዬ ሞት... ቀልዱን ተዪው።»

በእናታችን ሞት አንምልም። ሊሳንድሮ አንድም ቀን ምሎ አያውቅም። ወይስ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ፈርቶ ስለማያውቅ ነው?

የያዘኝን ሰው አየሁት። የወንድሜ ፊት ነው። እያለቀሰ ነበር።

ቆረጥኩት።

ስሜ አንድ ጊዜ ተጠራ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ይኸው ሦስት ዓመታችን። አብረን ነን። ደግ ነው፤ ያበሰልኩትን ሁሉ ያመሰግናል። ቀንድ አውጣ ብሎኝ ግን አያውቅም። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ትናንት ኬዮን ወደብ ቆመን፣ እሱ ዳቦ ሊገዛ ወረደ። አስር ሰዓት ሆኗል። ጉም ነበር።

በኤልቪራ የኋላ ጫፍ ላይ፣ እኔም እሱም ያላሰርነው ገመድ ታስሮ አገኘሁ። ጫፉ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከቋጠሮው አዟዟር እንደሚታየው፣ የታሰረው በግራኝ እጅ ነው።

ቆሜ እያየሁት ተወጠረ።

አንድ... ሁለት...

በዚህኛው ጊዜ ሦስተኛውን ጠበቅኩ።