የሟቹ ሬዲዮ ሙሉ ባትሪ

ባለጋራዡ አዛውንት መኪና ከሥር በሚታይበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ጭንቅላታቸው ተፈርክሶ ጠዋት ተገኙ። ሐኪሙ የሞቱት ማታ ነው አለ። ማታ ደግሞ ከወንድ ልጃቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ ፖሊስም ሳይውል ሳያድር ልጁን ያዘ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን የሚያስታውስ አልነበረም።

«ነገ ወህኒ ሊያወርዱብኝ ነው» አሉ እናትየው የቀጠሯትን የግል መርማሪ እጅ ጨብጠው። «ባሌን በቀበርኩ ማግስት ልጄንም ልቅበር? በወለድሽ፣ አውጪልኝ!»

«እሞክራለሁ እማማ። ቃል ግን አልገባም።»

ይህ ቤተሰብ የሚኖረው በሰው አደጋ ነው። አዛውንቱ በእጅ በሚያዝ ሬዲዮ ስካነር የትራፊክና የአምቡላንስ መልእክት ያዳምጣሉ፤ ግጭት ሲሰማ ልጃቸው ጎታች መኪናውን አስነስቶ ከሌላው ቀድሞ ይደርሳል። ሴት ልጃቸው ባትሪ ትሞላለች። ስካነሩ ከጠፋ ገበያው ጠፋ። ስለዚህ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጢጥ ጢጥ ካለ፣ አጠገቡ ያለ ሰው የያዘውን ጥሎ ይቀይራል።

መርማሪዋ ፖሊስ ጠዋት ያነሳውን ፎቶ አየች። ስካነሩ ጠረጴዛው ላይ እንደበራ ነው፤ የባትሪው ምልክት ሙሉ። የጋራዡን መካኒክ ጠራችው።

«አንድ ባትሪ ምን ያህል ይቆያል?»

«አዲስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። አሁን አርጅቷል እኮ! ሊቲየም ባትሪ በሞላሽው ቁጥር ዕድሜው ይቀንሳል። ግማሽ ሌሊት ከቆየልን ተመስገን ነው።»

«ሌላ የላችሁም?»

«ያሉን ሁለት ናቸው። አንዱ ስካነሩ ውስጥ፣ አንዱ ይኸው።» ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። ባዶ ነው፤ ጫፎቹ በናስትሮ ተሸፍነዋል።

«ይሄ የጋሼ ሥራ ነው?»

«ጋሼ? ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያለ ናስትሮ ከቁልፍ ጋር ኪሳቸው ከተውት ሱሪያቸው ሲጨስ ሰፈር ስቆባቸዋል! ናስትሮ የምትለጥፍ ልጅቷ ብቻ ናት፤ ያውም እንዳወጣችው ወዲያው። እኛ ሰነፎች ነን።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ደስ የማይል ነገር ገብቷታል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ልጁም በካቴና ታስሮ መጣ።

«ልጁ ከጭቅጭቁ በኋላ ጎታች መኪናውን ይዞ ወጥቷል» አለች መርማሪዋ። «እስኪያዝ ድረስ ግጭት ቦታ ከትራፊክ ፖሊሶች ጋር ነበር። ገድሎ ነው የሄደው ትላላችሁ። ይሁን። ማታ የገባ ያረጀ ባትሪ ግን ጠዋት ሙሉ አይሆንም። የቀየረው ሰው ሊነጋጋ ሲል እዚህ ነበር። ጋሼ ያኔ ሞተዋል።»

«ሌባ ቢሆንስ?» አለ የፖሊስ አዛዡ።

«ሌባ ስካነሩን ይወስዳል እንጂ ባትሪ አይቀይርለትም። ይሄ ሬሳ እያየ ያልጮኸ ሰው ነው። ያወጣውንም ባትሪ ናስትሮ ለጥፎበታል።»

ልጅቷ ማታ ከክፍሌ አልወረድኩም ብላ ቃል ሰጥታ ነበር። አሁን ግድግዳውን ተደገፈች።

«ደረጃው ላይ ሆኜ ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው» አለች። «እጮኛዬ መኪናው ተገልብጦ የሞተ ቀን፣ አባዬ ‹ባትሪው አልቆብኝ ጥሪውን አልሰማሁም› አለኝ። የሞላሁት እኔ ነኝ። በደንብ ባለመሙላቴ ነው ብዬ ራሴን ስረግም ኖርኩ። ለካ ሰምቶ ነው ዝም ያለው፤ ወንድሜ ደርሶበታል። እሱ ሲወጣ ወርጄ ‹እውነት ነው?› አልኩት። ‹እንኳን ቀረልሽ› አለኝ። ገፋሁት።»

«ባትሪውንስ?»

«አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አድሬ፣ ሊነጋጋ ሲል ጢጥ አለ። እጄ ቀየረው። እኔ አላወቅኩም።»

መርማሪዋ በዚያች ሰዓት ሥራዋን ጠላች።

«ውሸቷን ነው!» ጮኸ ልጁ። «እኔ ነኝ የገፋሁት! ጻፉ፤ እኔ ነኝ!»

አዛዡ ግራ ገብቶት እናትየውን አያቸው። ከሁለቱ ልጆቻቸው መሃል ቆመዋል።

«ዝም በል አንተ» አሉ ወደ ወንድ ልጃቸው ዞረው። ልጅቷን ቀና ብለው አላዩዋትም።