ከዜማው ሥር

«እነዚህን ኮርዶች የቀየራቸው ማነው?» አሉ የሙዚቃ መምህሩ ሚስተር ጋዲስ ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«እኔ» አለ ሉሸስ።

ቬርና ከቁመቷ የሚበልጠውን ባለ ወፍራም ክር መሣሪያ፣ ቤዙን፣ እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። «እኔ ነኝ» ልትል ከንፈሯን ከፈት አደረገች። ግን የሉሸስ አባት በሩ ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ጊታር ሲጫወት ሊሰሙ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ፊታቸው በኩራት ሲበራ አየችና ዝም አለች።

«አንበሳ!» አሉ ሚስተር ጋዲስ። «እሑድ መድረክ ላይ ስምህን እጠራለሁ።»

ዘፈኑ በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ሽማግሌ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው የድሮ የፍቅር ዘፈን ነው። የበረዶውን ወራት በሙሉ በዚህ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቬርናና ሉሸስ ብቻቸውን ሲጫወቱት ከረሙ። አንድ ቀን፣ በረዶው በትንሿ መስኮት ማዶ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ የቬርና ጣት ቤዙ ላይ እንደ ሕልም ከለመደው ድምፅ ወደ ዝቅተኛው ወረደ። ሉሸስ ጊታሩ ላይ ምንም አልቀየረም፤ ዜማውም ያው ነው። ያ የደስታ ዘፈን ግን ድንገት ሩቅ ያለ ሰውን የሚናፍቅ ሆነ።

«ምን አደረግሽው አንቺ!» ብሎ ሳቀ ሉሸስ ያን ቀን።

ከዚያ ወዲህ እሷ ከሥር እየፈለገች፣ እሱ ከላይ እየተከተላት፣ አሮጌውን ዘፈን አዲስ አደረጉት።

እሑድ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጢም አለ። ዘፈኑን ያደሰው ተብሎ የሉሸስ ስም ሲጠራ ጭብጨባው ቀለጠ።

«ተቀየምሽኝ እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«ተጫወት ባክህ።»

ቬርና አንድ ነገር ታውቃለች። እሷ ወደ ድሮዎቹ ድምፆች ብትመለስ ሉሸስ በጊታሩ አንድ ላይ የሚመታቸው አዳዲስ ድምፆች፣ ኮርዶቹ፣ መቆሚያ ያጣሉ፤ በሰው ሁሉ ፊት ይዋረዳል። ዘፈኑ ያ የተቀየረው ቦታ ሲደርስ ጣቷ የድሮው ድምፅ ላይ አረፈ። ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማውን ያንጎራጉራሉ። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ይመስላሉ። ሊቀሰቀሱ አይገባም።

ክሩን ሳትመታ ጣቷን አነሳችና ከዚህ በፊት ሞክራው ወደማታውቀው፣ ወደ ወፍራሙ ክር ወረደች።

ሉሸስ ደንግጦ ቀና አለ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ቬርና ብቻዋን ወረደች፣ ደግሞ ወረደች፤ አዳራሹ ውሃ ውስጥ የገባ ያህል ጸጥ አለ። ከዚያ ጊታሩ እሷን እያዳመጠ በለሆሳስ ገባ።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ከመድረኩ ጀርባ ሉሸስ ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«አባዬን ሳየው ምላሴ ቀደመኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ለሚስተር ጋዲስ ልንገራቸው?»

«ተወው» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«ንገራቸው» አለችው። «አባትህም ባሉበት። እኔም አጠገብህ እቆማለሁ።»

ቤዟን በጥንቃቄ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ቀድማው ወደ አዳራሹ አመራች።