ሁለት ጃኬት፣ ሦስት ሹካ

ጋሽ ታደሰ እሑድ ማታ፣ የቤዝቦል ቡድኑ ሮኪስ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ በተሸነፈበት ሰዓት፣ ዴንቨር ውስጥ ከቤዝቦል ስታዲየሙ ማዶ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሞተው ተገኙ። አንድ ሰው ብቻ በምትይዘው የቲኬት መቁረጫ ክፍል ውስጥ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ነበር። ራዲዮናቸው አልተዘጋም። የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው፣ ስኳር ያለባቸው፣ በዚያ ብርድ ብቻቸውን።

ማክሰኞ ጠዋት ልጃቸው ሄዋን መቶ አለቃ መቅደላዊትን አስጠራች። መቅደላዊት አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት ግድያ ሲመረምሩ ኖረው፣ አሁን የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ። ማዕረጉ ግን አብሯቸው ተሻግሯል፤ አበሻ በሚበዛበት ቻምበርስ ሮድ ላይ በስማቸው ብቻ የሚጠራቸው የለም። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ልቅሶ ቤቱ ገቡ፣ እግዜር ያጽናችሁ አሉና ሄዋንን ወደ መኝታ ቤት ወሰዷት። ልጅቷ ከእሑድ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ሐኪሙ ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ ነው የሞተው አለ። ኢንሱሊኑን የወጋሁት እኔ ነኝ፣ መቶ አለቃ። ሳሎን ያሉትም ይህንኑ ነው የሚያንሾካሹኩት።»

ሄዋን የምትሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው እናትና አባት ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ መድኃኒት ታቀብላለች። ትናንት ግን ደውላ ሥራዬን ልለቅ ነው ብላለች። በዚህ እጄ የሰው አባት አልነካም አለች። ሁለት ልጅ የምታሳድገውም በዚያው እጅ ነው። መቅደላዊት የተጠሩት ለሞተው ሰው ቢሆንም የፈሩት ለቆመችው ነበር።

ቀስ ብለው ጠየቋት። ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው አባቷን በመኪና አድርሳ፣ እዚያው መኪና ውስጥ ወግታቸው፣ የምግብ ሳህናቸውን እጃቸው ላይ አስቀምጣ፣ ‹አሁኑኑ ብላ› ብላ አስጠንቅቃ ሄደች። ያን ዕለት የማታ ተረኛ ሆና ሰዓቱ ደርሶባት ስለነበር ሲበሉ ቆማ አላየችም። መቅደላዊት የኢንሱሊኑን መርፌ አስመጥተው የቀረውን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር በመስኮቱ ብርሃን አነበቡ፤ ከተከፈተበት ከሐሙስ ጀምሮ የተወጋውን ቆጠሩ።

«አንድም ጠብታ አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ። የወጋሽው ልክ ነው። እንግዲህ አልበሉም ማለት ነው።»

«ሳህኑ እኮ ባዶ ነው።»

ፖሊስ ዕቃቸውን በፕላስቲክ ከረጢት መልሶ ነበር። ማንም አልከፈተውም፤ አንጀቱ የቻለ አልነበረም። መቅደላዊት አልጋው ላይ ዘረገፉት። ክዳን ያለው ሳህን፣ ትንሽ ራዲዮ፣ ደብተር፣ ሁለት ጃኬት። አንደኛው ሄዋን ራሷ ቁልፉን የሰፋችው ግራጫ የአባቷ ጃኬት ነው። ሁለተኛውን፣ ጥቁሩንና ሰፊውን፣ አላወቀችውም። ሳህኑ ውስጥ ሦስት የፕላስቲክ ሹካ ነበር።

«ምን ነበር የቋጠርሽላቸው?»

«እንጀራ በምስር።»

መቅደላዊት ሹካዎቹን አንድ በአንድ አነሷቸው፤ ሦስቱም ላይ ምስር ደርቆባቸዋል። ወደ ሳህኑ መለሷቸው።

ደብተሩን ገለጡ። ጋሽ ታደሰ የሮኪስን ጨዋታ ሁሉ ይመዘግቡበታል፤ ቀኑ፣ ውጤቱ፣ አንዳንዴም «ጎበዝ» የምትል ቃል። በበጋው የማንም መሳለቂያ የነበረው ቡድን ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ ሃያ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ሃያ አንዱን ሲያሸንፍ፣ የሳቸውም እጅ ጽሑፍ እየሰፋ እየሰፋ ሄዷል። ከኦክቶበር አንድ ጀምሮ ግን በየቀኑ ዳር ላይ ትንሽ ቁጥር አለች። የመጀመሪያዋ አሥራ ሦስት ናት።

የሄዋን ባል ተገኝ ተጠራ። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ድምፁ ጠፍቷል። ቁጥሯን ሲያይ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ያ ቀን ዘጠኝ ዙር ላይ ማለቅ የነበረበት ጨዋታ አሥራ ሦስት ዙር የሄደበት ነው አለ፤ አማቱ ያን ማታ ቤት ሲገቡ ግን እንደ ወትሮው ስለ ጨዋታው አላወሩም፤ ደክሟቸው ይሆናል ብሎ አለፈው።

«የማግስቱስ አሥራ አራት?» አሉ መቅደላዊት። «በማግስቱ ጨዋታ ነበር?»

ተገኝ አሰበ። አልነበረም።

ከዚያ ከሄዋን ጋር ተያዩ፤ መቅደላዊት ያን አስተያየት አላለፉትም። ሲጠይቋቸው ተግደርድረው ተናገሩ። የጋሽ ታደሰ ታላቅ ወንድም ሀይለማርያም በሴፕቴምበር አሥራ ዘጠኝ አገር ቤት ሞተዋል። መርዶው አልተነገራቸውም። ዕድሜ ልካቸውን በወጉ ሳይስቁ የኖሩ ሰው በዚህ ቡድን ሰበብ ከልባቸው ሲስቁ አይቶ፣ ጨዋታው ይለቅና ሽማግሌ ሰብስበን እናረዳቸዋለን ያለው ተገኝ ነው። ቡድኑም ማሸነፉን አላቆም አለ፤ መርዶውም ከሳምንት ሳምንት ተገፋ።

መቅደላዊት መርዶውን የሚያውቅ ሌላ ማን እንደነበር ጠየቁ። «ሰምተው እንደሆነ የነገረቻቸው አልጣሽ ናት» አለ ተገኝ። «ውሸት ነው፣ ኃጢአት ነው እያለች ስትነዘንዘን ነበር።»

ጎረቤታቸው አልጣሽ ወጥ ቤት ቆማ ለለቀስተኛ ሳህን ታጥባለች። ጴንጤ ናት፤ ከልቅሶ ቤቱ ጸሎት ባትገባም ከሥራው አልተለየችም። መደበቁን እንደተቃወመች አልካደችም። ቃል ስላስገቧት ግን እንዳልተናገረች፣ እንዲያውም ላለመናገር ብላ ደረጃ ላይ ስታያቸው መንገድ ትቀይር እንደነበር በረጅሙ ተናገረች። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አንድ ቀን አስቁመውኝ፣ ‹አልጣሽ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?› አሉኝ። ያ ነው የሚያንገበግበኝ።»

የቀረው ቀጸላ ነው። በዚያው ማቆሚያ የወዲያኛውን በር የሚጠብቅ የሥራ ባልደረባቸው፣ በቤተ ክርስቲያንም አብሯቸው የሚያስቀድስ። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ከልቅሶ ቤቱ በር አልራቀም፤ ውጭ በረንዳው ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። ያለፈው ሳምንት በረዶ ጥላ ውስጥ ገና አልሟሟም፣ እሱ ግን በስስ ሹራብ ነው። ሰው ይህን አይቶ ዝም ይላል?

«ጃኬትህስ፣ ወንድሜ?» አሉት መቅደላዊት።

«ላውንደሪ ነው፣ መቶ አለቃ።»

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ሄዋንን፣ ተገኝን፣ አልጣሽንና ቀጸላን ሳሎን አስቀመጧቸው። በሩን ዘጉ። ሳህኑን፣ ደብተሩንና ጃኬቶቹን ወለሉ ላይ ደረደሩ፤ ሲናገሩም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እንጀራ በሹካ የሚበላ አበሻ አላውቅም። ሦስት ሹካ ማለት ሦስት የውጭ ሰው ነው። በዚያ ማቆሚያ አጥር ሥር ቤት የሌላቸው ሰዎች እንደሚያድሩ በአውቶቡሴ ሳልፍ አያለሁ። ምግቡን የበሉት እነሱ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ለምን ሰጧቸው?»

ደብተሩን ገለጡ።

«አሥራ ሦስት የጨዋታ ዙር አይደለም፤ በማግስቱ ጨዋታ ሳይኖር አሥራ አራት ሆኗል። በየቀኑ አንድ እየጨመረ ሄዶ እሑድ ዕለት አርባ ላይ ቆመ። ከአርባ ወደ ኋላ ቁጠሩ። አንድ የሚውለው ሴፕቴምበር አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው።»

ሄዋን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የወንድማቸውን አርባ ነው ሲቆጥሩ የነበሩት። ቤቱ ውስጥ ተዝካር ሊያወጡ አይችሉም፤ ማወቃቸውን ታውቁባቸዋላችሁ። ስለዚህ በእጃቸው ባለው ምግብ የተራበ አበሉ። የነገራቸው ሰው ኦክቶበር አንድ ቀን ነው የነገራቸው፤ ያን ቀን ደግሞ የዋሉት ሥራ ላይ ነው። አልጣሽ ያን ሰሞን መንገድ ስትቀይርባቸው ነበር። ሌላው ፍንጭ ይህ ነው።» ጥቁሩን ጃኬት አነሱ። «አስከሬን ራሱ ላይ ጃኬት አይደርብም። ሰው አይቷቸዋል፤ አልብሷቸዋል፤ አልቀሰቀሳቸውም። ቀጸላ፣ የቀረውን አንተ ተናገር።»

ቀጸላ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ከሥራ ባረፈበት ቀን ቤተ ክርስቲያን ለሀይለማርያም ፍትሐት ሲደረግ ስማቸውን ሰምቶ ነበር። ጋሽ ታደሰ የጨዋታ ቀን ሥራ ስለሚገቡ አልነበሩም፤ ሄዋን ግን ነበረች። መርዶ ሳይነገር ፍትሐት ይደረጋል ብሎ በምን ጠርጥሮ። ሥራ ላይ ሲያገኛቸው ነፍስ ይማር አላቸው።

«ራዲዮውን ቀነሰ። ከዚያ ‹ልጆቼ ለኔ ብለው ነው የደበቁት፤ ማወቄን እንዳትነግራቸው› ብሎ አስማለኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ይነግሩኛል፣ ያን ጊዜ እንዳልሰማ ሆኜ አለቅሳለሁ አለ።»

«እሑድስ?»

«ምግቡን ሲሰጥ አየሁ። አንተስ ስለው መኪናው ይግባና የሆነ ነገር ገዝቼ እበላለሁ አለ። መኪናው መግባቱን አላቆም አለ። በኋላ ባየው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል፤ ፊቱ እርጥብ ነው። እንባ መሰለኝ። አርባው ነው፣ ወንድሙን እያለቀሰ ነው፣ ሰው እንዳያየው ብዬ ጃኬቴን ደረብኩለትና የሱንም በር እኔ ያዝኩ። ሊያናግሩት ያሰቡ ሾፌሮችን ሁሉ ወደ እኔው በር መለስኩ።»

«እንባ አልነበረም» አለች ሄዋን በቀስታ። «ስኳር ሲወርድ ያልበዋል።»

ቀጸላ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ተገኝ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። አልጣሽ ብቻ ናት ጮክ ብላ ያለቀሰችው።

መቅደላዊት ወደ ሄዋን ዞሩ። «እጅሽ አልሳተም። ነገ ለሥራሽ ደውይና መልቀቂያሽን መልሺ። ቀጸላም አልገደለም፤ ተገኝም አልገደለም። ወደ ውጭ የሚወጣ ወንጀል እኔ አላገኘሁም። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ግን እስከ ዕለተ ሞታችሁ የምትሸከሙት አለ፤ እሱን ልቀንስላችሁ አልችልም።»

ሄዋን ደብተሩን ከወለሉ አነሳች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀኑ አለ፣ አርባ የምትለዋ ቁጥር አለች፤ የውጤቱ ቦታ ባዶ ነው። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች።

«ስንት ለስንት ነበር፣ ጋሽ ቀጸላ?»

«አራት ለሦስት። ተሸነፍን።»

በአባቷ ቁጥር አጠገብ በጥንቃቄ ጻፈችው። ደብተሩን ዘጋች። ከዚያ ጥቁሩን ጃኬት አራግፋ በዚያው እጇ በቀጸላ ትከሻ ላይ ደረበችለት።

«ይልበሱት» አለችው። «ውጭ ብርድ ነው።»