የተመለሱት ችካሎች

ንጉሥ ሶምራን ለማለዳው ችሎት ወደ ዙፋን አዳራሻቸው በገቡ ጊዜ ምንጣፋቸው አብቦ አገኙት።

የወይራ ችካሎች የወለሉን ድንጋይ ሰንጥቀው፣ ቀዩን ምንጣፍ በስተው ወጥተዋል። በየአናታቸው ቅጠል አቆጥቁጧል፤ በየቅጠሉ መካከል ቢጫ አበባ ፈክቷል። ንቦች ሳይቀሩ በመስኮት ገብተው ሥራቸውን ጀምረዋል። መኳንንቱ ግድግዳ ተደግፈው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ ችካሎቹን የማያውቃቸው አልነበረምና። የንጉሡ የንስር ማኅተም በእሳት የተተኮሰባቸው እነዚህ እንጨቶች፣ ከገደሉና ከበረሃው ማዶ፣ በቆላው በኡራም ምድር፣ አዲሲቱ የግዛት ከተማ ትቆረቆርበታለች በተባለው ሜዳ ላይ በመዶሻ የተተከሉት ራሳቸው ነበሩ።

ሲመለሱም የመጀመሪያቸው አልነበረም። አንድ ጊዜ በመዲናይቱ በአምባ ላዕል በር ላይ ተከምረው ተገኙ፤ ዘበኞቹ የሌባ ሥራ ነው አሉ። ሌላ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተደርድረው ተገኙ፤ ጠቢባኑ የጠንቋይ ሥራ ነው አሉ። አሁን ግን በዙፋኑ እግር ሥር አብበው ቆሙ።

ከመኳንንቱ መካከል አንዲት ወጣት ሴት ሳቀች።

የሳቀችው ዱኬል ነበረች። ዱኬል የኡራም ባላባት ልጅ ናት። ያለፈው ንጉሥ በእርጅናቸው ዘመን ኡራምን በጦር ሲይዙ፣ ሕዝቡ እንዳይሸፍት ብለው በመያዣነት ወደ ደጋ አመጧት። በቤተ መንግሥቱ ጥልፍና ቅኔ ተምራ አደገች፤ ብርዱን ግን አንድም ቀን አልለመደችውም።

«ምን አሳቀሽ?» አሉ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ችካሎቹ አሳቁኝ። በእናንተ አገር ‹ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት› ይባል የለም? ምድራችንም ይህንኑ ነው የመለሰችላችሁ። ከተማ አልጠላችም፤ ብትጠላማ ችካሎቹን ባበሰበሰቻቸው ነበር። የጠላችው ሳትጠየቅ መወጋትን ነው።»

«ማንን ነው የምንጠይቀው?»

«ኡምባልን። ከሰው በፊት የነበረችውን፣ የሸባልን ወንዝ የምታሳድረውንና የምትነዳውን። በኡራም ጎጆ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቦታውን የሚለምነው ከእርሷ ነው።»

የጦሩ አበጋዝ ራስ ጋልሞ ወደ ፊት ወጡ። «ጃንሆይ፣ አንድ አውሬ የመንግሥትን ከተማ አይከለክልም። ችቦ ይስጡኝና ሸምበቆውን ሁሉ ላቃጥለው። አውሬዋም ትሄዳለች፣ ነዋሪውም ይገዛል።»

ንጉሡ ችካሎቹን ዙሪያቸውን ዞረው ተመለከቱ። ቁጡ ሰው አልነበሩም፤ አበባም ይወዱ ነበር። «መጀመሪያ እንጠይቅ» አሉ። «የሸባል ወንዝ እስኪሞላ ድረስ ጊዜ ሰጥቻለሁ። እስከዚያ ከተማዋ ካልተተከለች ችቦው ያንተ ነው። ማን ይሄዳል?»

የከተማዋን ንድፍ በብራና ላይ የነደፉት ዋና ቀያሹ መርሳን ነበሩ። ሊነሡ ከዘራቸውን ሲፈልጉ ልጃቸው ሰናይት እጃቸውን ያዘችና እርሷ ተነሣች። ንድፉን አብራቸው ሠርታለች፤ የበሩን ቅስት የሣለችው እርሷ ናት። በዙፋኑ ፊት ተንበርክካ ማለች።

«ባሳደገኝ የአባቴ የልኬት ገመድ እምላለሁ። ችካሉ በራሱ ፈቃድ የሚጸናበትን ምድር ሳላገኝ ይህን አዳራሽ አልረግጥም። ካገኘሁም ለሌላ አልተወውም።»

አባቷ የመሐላውን መጨረሻ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገመዱን ከወገባቸው ፈትተው በልጃቸው ወገብ ላይ አሰሩላት።

ሰናይት፣ ዱኬልና ሻለቃ ብርካን ችካሎቹን በበቅሎ ጭነው ገደሉን ወረዱ። ብርካን የስንት ጦርነት ሽማግሌ ናቸው፤ ከጠላት ሁሉ የሚፈሩት ግን ሙቀትን ነበር። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ እያወለቁ ያማርራሉ።

«ልጄ፣ ይህ አገር ሰው ይኖርበታል ብለሽ ታምኛለሽ? እንቁላል ሳይጣድ ይበስላል እኮ።»

«ሻለቃ፣ ገና አልደረስንም» አለች ዱኬል። «ይህ እኮ ቀዝቃዛው በኩል ነው።»

ዱኬል ወደ ቆላው በወረደች ቁጥር አንገቷ ቀና አለ፤ ድምፅዋ ወፈረ፣ እርምጃዋ ሰፋ። ሸባል ወንዝ ዳር ሲደርሱ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። በውሃው ላይ ጥላ በሎቹ አዞዎች ግንባራቸውን አውጥተው ተኝተው ነበር። እነዚህ አዞዎች ሥጋ አይነኩም። ጥላህን ነክሰው ይጎትቱታል፤ ጥላው ከሰመጠ ባለቤቱም ይከተለዋል።

«ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትቆም እንጠብቅ» አለች ዱኬል። «ያን ጊዜ ጥላችን ከእግራችን ሥር ይገባል።»

ቀትር ሲሆን ችካሎቹን ይዘው ታንኳ ላይ ወጥተው ተሻገሩ። አዞዎቹ የሚይዙት አጥተው በብስጭት ውሃውን ይመቱ ነበር። ሻለቃ ብርካን ግን ሰፊ ባርኔጣቸውን አላወለቁም ኖሮ፣ የባርኔጣው ጥላ ከታንኳው ዳር ወጣ አለና አንዱ አዞ ግምጥ አደረገው። ሽማግሌው ሊሰምጡ ሲሉ ሰናይት የባርኔጣውን ማሰሪያ በጩቤ ቆረጠችው። ባርኔጣው ተንሳፍፎ ሄደ።

«አሥራ ሁለት ጦርነት አብሮኝ የዘመተ ባርኔጣ ነበር» አሉ ብርካን። ወዲያው አናታቸውን ዳበሱና «ለካ ነፋስ አለ» ብለው ፈገግ አሉ።

ብራናው ላይ «ባዶ ሜዳ» ተብሎ የተጻፈው ቦታ ከማዶ ነበር። ለምለም ነው፤ ሰፊ ነው፤ በሸምበቆ የተከበበ ነው። ሰናይት ገመዷን ፈትታ ርዝመቱን ለካች። ለማረጋገጥ ስትለካው ረዘመ። እንደገና ስትለካው አጠረ። ገመዱን ጥላ በሆዷ ተኛችና ጆሮዋን መሬቱ ላይ አደረገች። ከሥር ትልቅ፣ የረጋ ትንፋሽ ይሰማል።

«ዱኬል» አለች ቀስ ብላ። «ሜዳው ይተነፍሳል።»

«አዎ። ከጀርባዋ ላይ እንውረድ።»

ወርደው ዳር ላይ በቆሙ ጊዜ ሜዳው ተነሣ። ሣር የለበሰ ጀርባ፣ ከዚያ ጭቃ የሚያንጠባጥብ ትከሻ፣ በመጨረሻም የጉማሬ የሚመስል፣ ኮረብታ የሚያህል ራስ ወጣ። ከጆሮዎቿ ውስጥ ነጫጭ የሳቢሳ ወፎች በረሩ። ዓይኖቿ እንደ ማር የጠየሙ ነበሩ።

«እሾህ ስትሰኩብኝ የከረማችሁት እናንተ ናችሁ?» አለች ኡምባል።

ሰናይት ነጠላዋን አደግድጋ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። «እሜቴ ኡምባል፣ እኛው ነን። ይቅርታዎን ልለምን፣ ከተማ የምንቆረቁርበትንም ቦታ ልጠይቅ መጥቻለሁ።»

«ከተማሽን ንገሪኝ።»

ሰናይት ነገረቻት። የአገረ ገዢው አዳራሽ በኮረብታው ላይ፣ ቀጥሎ የግብር ጎተራው፣ የጦር ሰፈሩ፣ እስር ቤቱ፣ ዙሪያውን ግንቡ፣ በግንቡ ላይ ባለ ቅስቱ በር። ስለ በሩ ብዙ ተናገረች፤ የኡራም ሰዎች ከግንቡ ውጭ ወንዝ ዳር እንደሚሰፍሩ ግን ባጭሩ አለፈችው።

ኡምባል አዛጋች። «ጎተራ ሰማሁ፣ ግንብ ሰማሁ። ሰው የት አለ? በጎርፍ ጊዜ ወንዝ ዳር ማን ይኖራል? ሂጂና ደግሞ አስቢ።»

ሰናይት ጉንጯ ጋለ። ያንን ንድፍ ከልቧ ትወደው ነበር። ግን ብራናውን ጠቅልላ ከዱኬል ጋር ወደ መንደሮቹ ወረደች። ዱኬልን ያየ ሁሉ እየጮኸ መጣ፤ አክስቶቿ ፊቷን በጭቃ እየቀቡ አለቀሱ፣ ሳቁም። ሰናይትም ዓሣ አጥማጆቹንና ከብት አርቢዎቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ጠየቀቻቸው። ውሃው እስከ የት ይመጣል? ከብቱ በየት ያልፋል? የተጣላችሁ ጊዜ የት ትታረቃላችሁ? እነርሱም በእንጨት ጭቃው ላይ እየሣሉ አሳዩአት፤ ሲከራከሩም ሥዕሉን እየረገጡ ያጠፉት ነበር። ብርካን አንዱን አርቢ «የጦር ሰፈሩ ነፋስ የሚያገኝበት ይሁን» ብለው ለመኑት።

ወደ ኡምባል ስትመለስ ብራና አልያዘችም። «በመካከል ገበያ አለ፤ ሁሉም መንገድ ወደዚያው ይሄዳል» አለች። «ችሎቱ ከዋርካው ሥር ነው፤ በር የለውም። ጎተራው የንጉሡንም የነዋሪውንም እህል ይይዛል። የኡራም ሰውና የደጋው ሰው ቤታቸው ጎን ለጎን ነው። ግንቡ ቀርቷል። በሩም አብሮ ቀርቷል።»

ኡምባል ሳቀች፤ ሸምበቆው ሁሉ ተወዛወዘ። «ጎርፍ የማይደርስበት ሸንተረር ከኋላዬ አለ። ከአያቶችሽ በፊት ጀምሮ የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው እንጂ ለዚህ ነበር ያቆየሁት። ግን አንድ ነገር አለ። ገዢዎቻችሁ እንደ ዝናብ ወፍ ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ይለቅማሉ፣ ይሄዳሉ። ተመልሶ የሚሄድ ሰው ለሚቀረው አይጨነቅም። የመካከሉን ችካል የተከለ ሰው የዚህች ምድር ሰው ይሆናል፤ ዳግም ሸባልን አይሻገርም።»

ሰናይት መልስ ሳትሰጥ ከወንዙ በኩል ጭስ ታየ። ራስ ጋልሞ የንጉሡን ቀጠሮ አልጠበቁም ነበር። ችቦ ከያዙ ወታደሮች ጋር ተሻግረው ደረቁን ሸምበቆ በነፋሱ አቅጣጫ ለኩሰውታል፤ እሳቱም መንደሮቹ ወዳሉበት እየሮጠ ነበር።

«ወንዙን ይጥሩልን» አለች ዱኬል። «ይነሣልን።»

«እስካሁን የምትሠሩት የእንግዳ ሥራ ነው» አለች ኡምባል። «ሸባል ለእንግዳም ለተበተነ ጎጆም አይነሣም። ከተማ ካለ ግን ለከተማው ይነሣል። ሕጉ ከእኔም በላይ ነው።»

ሁሉም ወደ ሸንተረሩ ሮጡ። ብርካን የመካከሉን ችካል ከሰናይት እጅ ያዙ። «ለእኔ ስጪኝ፣ ልጄ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሙቀቱም እየለመደኝ ነው። አንቺ አባት አለሽ።»

ሰናይት የአባቷን ፊት አሰበች፤ የአምባ ላዕልን ጉምና ማለዳ ላይ የሚሸተውን የጥድ ሽታ አሰበች። ችካሉን ግን አልለቀቀችም።

«ሻለቃ፣ ይህችን ከተማ ያቀድኋት እኔ ነኝ። አጣምሜያት ቢሆን ከነጠማማነቷ የምኖርባት እኔ ልሁን። እርስዎ መዶሻውን ያቀብሉኝ።»

ብርካን መዶሻውን ሰጧት። ችካሉን አቆመች፣ መታችው፣ ገባ። በመጨረሻው ምት ከእግሯ በታች አንድ ነገር እንደ ገመድ ሲቋጠር ተሰማት። አላመማትም፤ ነገር ግን እንባዋ በራሱ ወረደ።

ያን ጊዜ ኡምባል አፏን ከፍታ ጠራች። ሸባል ከአልጋው ተነሥቶ፣ ቡናማና ሰፊ ሆኖ፣ በሜዳው ላይ ተዘረጋ። እሳቱ እየተንሿሿ ጠፋ። የራስ ጋልሞ ወታደሮች ችቧቸውን እንደያዙ እስከ ብብታቸው ሰጠሙ። የኡራም ሰዎች በሸንተረሩ ላይ ቆመው ትንሽ ተያዩና ታንኳዎቻቸውን አወረዱ። የተቃጠለ ሸምበቋቸውን እየቀዘፉ አልፈው ወታደሮቹን አንድ በአንድ ጎትተው አወጡ። ራስ ጋልሞን ያወጧቸው የዱኬል አክስት ነበሩ፤ ጢማቸውን ይዘው።

«ጎበዝ፣ ልብስህን አስጣውና ና፣ ድንጋይ ታቀብላለህ» አሏቸው። አበጋዙም ማን እንደሆኑ ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፈቱና ውሃ ብቻ ወጣ።

ኡምባል ሰናይትን አየቻት። «ከተማሽ ስም ያስፈልጋታል» አለች። «ስሟ ኑሪባት ይሁን።» ከዚያም በጎርፉ ውስጥ ቀስ ብላ ሰመጠች።

ችካሎቹ በሙሉ ተተከሉ፤ አንዱም አልተመለሰም። ጎርፉ ሲጎድል የጋልሞ ወታደሮች ከኡራም ሰዎች ጋር ጭቃ አቦኩ፣ ዋርካው ሥር ድንጋይ ደረደሩ። በመጀመሪያው ችሎት ሰናይት ራስ ጋልሞ የሸምበቆውን ካሣ እንዲከፍሉ ፈረደችባቸው፤ እሳቸውም ከፈሉ። ከንጉሡም መልእክት መጣ። ጋልሞ ከአበጋዝነት ተሽረዋል፣ ዱኬል ከመያዣነት ነጻ ናት፣ ሰናይትም የኑሪባት አገረ ገዢ ናት።

ሻለቃ ብርካን ወደ ደጋ የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። ሰናይት እስከ ወንዙ ሸኘቻቸው። አንድ እግሯን ወደ ታንኳው ልታነሣ ሞከረች፤ እግሯ አልተነሣም። ብርካን አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

«ለአባትሽ ምን ልበላቸው?»

«ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባታል ይበሉልኝ። መንገዱም ለሽማግሌ ክፉ አይደለም ይበሉልኝ፤ ወንዙን እንዴት እንደሚሻገሩ እርስዎ ያስተምሯቸዋል።»

ሽማግሌው ግንባሯን ሳሙ፤ ታንኳው ሄደ። እርሷም ማዶ እስኪወጡ ድረስ እያየች ቆመች። ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ከባድ ነበር፤ ለመሸከም ግን አላቃታትም።

ከኋላዋ የሰው ጩኸት መጣ። ዱኬል ከገበያው እየሮጠች ደረሰች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማለች።

«እሜቴ ሰናይት፣ ነይና ገላግዪን። የዓሣ ሻጮቹና የቅቤ ሻጮቹ ተጣልተዋል። ቅቤያችን ዓሣ ዓሣ ሸተተ እያሉ ነው።»

ሰናይት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ነፋሱ ከየት በኩል ነው የሚነፍሰው?»

«ጠዋት ከወንዙ፣ ከቀትር በኋላ ከሸንተረሩ።»

«እንግዲያው ቅቤው ጠዋት ይሸጥ፣ ዓሣው ከቀትር በኋላ» አለችና አብራት ወደ ገበያው ወጣች።