የተሰፋው ኪስ

አዛውንቱ የታሪክ መምህር ከሰሌዳው ሥር ተዘርረዋል። ቀኝ እጃቸው የኮታቸውን ኪስ እንደጨበጠ ቀርቷል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በየሳምንቱ እየተራ አስተምረው አስተያየት በሚቀባበሉበት ሥልጠና ላይ በባልደረቦቻቸው ፊት ሲያስተምሩ አስማቸው ተነሣባቸው፤ ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት ከታችኛው ፎቅ፣ ከቢሯቸው ሮጠው እስኪያመጡላቸው ዐረፉ።

መርማሪዋ ተንበርክካ ኪሱን ዳሰሰች። አፉ በአዲስ ክር ተሰፍቷል።

«ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ተጠርተው የመጡት ባለቤታቸው። «ትናንት ስፊልኝ አለኝ፣ ሰፋሁለት።»

ሰውዬው መድኃኒታቸውን ለዓመታት ከዚያ ኪስ ለይተውት አያውቁም። ሰው ሲሞት ቶሎ የሚፈለገው የሚወቀስ ነውና ሁሉም ሐዘንተኛዋን አፍጥጦ አየ። ከባልደረቦቻቸው አንዱ፣ አንድ ወጣት መምህር ብቻ፣ ዝም አይነቅዝም ብሎ አንገቱን ደፍቷል።

መርማሪዋ ግን ሰሌዳውን ታይ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ሲያስተምሩ ምን አስተያየት ሰጣችኋቸው?»

«ጽሕፈትዎ ያንሳል አልኳቸው» አለች የኬሚስትሪ መምህርቷ።

«እኔ ድምፅዎ አይሰማም ብያቸዋለሁ» አለ አሠልጣኙ።

«አንተስ?» አለችው ወጣቱን።

ወጣቱ የሟቹ ተማሪ ነበር፤ ሥራ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። «ጥሩ ነበር፣ ሌላ አላልኩም።»

መርማሪዋ ወደ አሠልጣኙ ዞረች። «እንዲህ ብሎ መቀመጥ ይቻላል?»

«አይቻልም። የሚስተካከል ነገር ሳይጠቅስ ማንም አይቀመጥም። ደንባችን ነው።»

«እንግዲያው ስሙኝ። እኚህ ሰው የተባሉትን ሁሉ አርመዋል። ጽሕፈቱ ይኸው ከበሩ ይነበባል። ድምፃቸው ዛሬ ኮሪደር ድረስ ይሰማ እንደነበር ጎረቤት ክፍል ያሉት ነግረውኛል። ሦስተኛው እርማት ኪሱ ነው። እጅዎን ከኪስ ያውጡ ያላቸው ሰው አለ። አስተያየት የሰጣችሁት ሦስት ናችሁ፤ ሁለቱ የየራሳቸውን ተናግረዋል፤ የቀረኸው አንተ ነህ።»

ወጣቱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ተራዬ ደረሰ። እንከን ብፈልግ አጣሁባቸው። እጅዎ ከኪስ አይወጣም አልኳቸው። የሚጨብጡት መድኃኒቱን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ተማሪያቸው ሳለሁ ሲወድቅባቸው እያነሣሁ የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ።»

መርማሪዋ ባለቤታቸውን አየች። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«እየሰፋሁለት ነግሮኛል። ‹ያስተማርኩት ልጅ አረመኝ› ብሎ ደስ ብሎት ነበር።»

«ታዲያ ሁሉም እርስዎን ሲጠረጥር ለምን ዝም አሉ?»

ሴትዮዋ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ራሱ ይናገር እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩት።»